አልረጋገጥ ያለው ድርደራ

የስልሳ ተማሪ ፈተና አርሞ የጨረሰ አንድ አስተማሪ አስቡ። የቀረው ሥራ ደረጃ ማውጣት ነው፤ ወረቀቶቹ ከአንደኛ እስከ ስልሳኛ በውጤት መደርደር አለባቸው። ጀማሪ ከሆነ ትልቁን ፈልጎ ያወጣል፣ ከቀሩት ትልቁን ፈልጎ ያወጣል፣ እንዲህ ሲል ይመሽበታል። የቆየበት ከሆነ ግን መጀመሪያ ክምሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያያል። እዚህ ጋ ሰባት ወረቀት በአጋጣሚ ተደርድሮ ተቀምጧል። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ስምንቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው የሄዱት፤ እነሱን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። እንዲህ ተደርድረው ያገኛቸውን ትንንሽ ክምሮች ሁለት ሁለቱን እየወሰደ፣ የላይኛውን ከላይኛው እያስተያየ ያዋህዳቸዋል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል።

በ2002 ቲም ፒተርስ የተባለ ፕሮግራመር ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው የድርደራ ዘዴ ከዚህ አስተማሪ ብዙም አይርቅም። ስሙንም ከራሱ ስም ቆርሶ ቲምሶርት አለው። መነሻው እውነተኛ ሕይወት ውስጥ የሚገኝ ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ተዘበራርቆ አይመጣም የሚል ነው። ትናንት የተደረደረ መዝገብ ላይ ዛሬ አሥር ስም ይጨመርበታል፤ ሁለት የተደረደሩ ዝርዝሮች አንዱ ከሌላው ጀርባ ይለጠፋሉ። ታዲያ ያለውን ቅደም ተከተል ለምን አፍርሶ እንደገና መጀመር? ዘዴው ፈጣን ሆኖ ተገኘ። ጆሽዋ ብሎክ የተባለ ሌላ ፕሮግራመር ወደ ጃቫ ቋንቋ አመጣው፤ በ2011 ከወጣው ጃቫ 7 ጋር ተሠራጨ፤ አንድሮይድም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ዝርዝር በደረደረ ቁጥር፣ ከትልልቅ ሰርቨር እስከ ኪስ ስልክ ድረስ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሠራው ይህ ኮድ ነበር።

ችግሩ የተደበቀው ከማዋሃዱ ላይ ሳይሆን ከሒሳብ አያያዙ ላይ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ቲምሶርት ዝርዝሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የተደረደሩ ተርታዎችን ይለያል። ተርታው በጣም አጭር ከሆነ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ራሱ ያራዝመዋል። አንድ ተርታ ባገኘ ቁጥር ርዝመቱን ትንሽ መዝገብ ላይ ይጽፋል። 120 ወረቀት ያለው ተርታ ካገኘ 120 ብሎ ይጽፋል፣ ቀጥሎ 80 ያለው ካገኘ ከጎኑ 80 ይጽፋል። አዲሱ ሁልጊዜ በስተቀኝ ጫፍ ነው። ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን መዝገብ ስታክ ይሉታል። ሁለት ጎረቤት ተርታዎች ሲዋሃዱ ሁለቱ ቁጥሮች ጠፍተው ድምራቸው በቦታቸው ይገባል።

ታዲያ መቼ ነው ማዋሃድ ያለበት? ቶሎ ቶሎ ካዋሃደ ትልቁን ከትንሹ ጋር እያጋጨ ጉልበት ያባክናል። ሳያዋሃድ ካቆየ መዝገቡ እየረዘመ ይሄዳል። ፒተርስ መሐከለኛውን መንገድ በአንድ ሕግ አሰረው። መዝገቡ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር በስተቀኙ ካሉት ሁለት ቁጥሮች ድምር መብለጥ አለበት፤ የቀኝ ጎረቤቱንም ብቻውን መብለጥ አለበት። ሕጉ ከተጣሰ እስኪስተካከል ድረስ አዋህድ። ምንም ይምጣ ምን ሳይሻር መቆየት ያለበት እንዲህ ያለው ሕግ በሙያው ቋንቋ ኢንቫሪያንት ይባላል።

ሕጉ ደስ የሚል ውጤት አለው። ከቀኝ ጀምረን ወደ ግራ እንቁጠር። በጃቫው ኮድ ትንሹ ተርታ 16 ነው እንበል። ቀጣዩ ቢያንስ 17 ይሆናል። ከዚያ 34፣ ከዚያ 52፣ 87፣ 140 እያለ ፊቦናቺ ያወረሰንን ዓይነት እድገት ይዞ ይወጣል። ቁጥሮቹ በዚህ ፍጥነት ካደጉ መዝገቡ ብዙ መስመር አያስፈልገውም። በጃቫ አሬይ የሚባለው ዝርዝር ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 2,147,483,647 ነገር ነው፤ ለዚያ እንኳ 40 መስመር ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የጃቫው ኮድ ለትልልቅ ዝርዝሮች 40 መስመር ያለው መዝገብ ቆርጦ ያዘጋጃል፤ ለትንንሾቹ ደግሞ ያነሰ። አርባ አንደኛ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ ለመጻፍ የሞከረ ፕሮግራም እዚያው ይወድቃል። አርባ አንደኛ እንዳይመጣ የሚጠብቀው ደግሞ ሕጉ ነው።

አሁን ሕጉን የሚያስከብረውን የኮድ ቁራጭ እንይ፤ ከአሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። አዲስ ቁጥር በገባ ቁጥር በስተቀኝ ጫፍ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ያያል። ሦስቱ ሕጉን ካከበሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ካላከበሩ ያዋሃድና እንደገና ሦስቱን ያያል። ሦስት ብቻ ማየቱ ምክንያታዊ ይመስላል። የተነካው ጫፉ ነው፤ ወደ ግራ ያለው ቀድሞ ተስተካክሎ ያለፈ ነው፤ ያልተነካ ነገር ምን ብሎ ይበላሻል? እኔም መጀመሪያ ሳነበው ራሴን ነቅንቄ አልፌዋለሁ። በተለያዩ አገሮች ይህን ኮድ ያነበቡ ብዙ ሺህ ዓይኖችም እንዲሁ አልፈውታል።

አምስተርዳም ውስጥ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለ፤ ሲደብሊውአይ ይባላል። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1950ዎቹ የሠራው በዚሁ ተቋም ነው፤ ያኔ ስሙ የሒሳብ ማዕከል ነበር። ዳይክስትራ ፕሮግራምን መሞከር ስህተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም እያለ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረ ሰው ነው። ፓይተንም የተወለደው እዚያው ግቢ ነው፤ ጊዶ ቫን ሮሱም በ1989 መጨረሻ የጀመረው እዚያ ተቀጥሮ ሲሠራ ነበር። ታሪኩን እንዲህ ሊያገናኝ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስላል፤ ለፓይተን የተሠራው ድርደራ የተያዘውም ፓይተን ከተወለደበት ቤት በወጡ ሰዎች ነው።

ስታይን ደ ሃው፣ ዩሪያን ሮትና ፍራንክ ደ ቡር ከኔዘርላንድስ፣ ሪቻርድ ቡበልና ራይነር ሄንለ ደግሞ ከጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ሠሩ። ስህተት ፍለጋ አልወጡም። የተነሡት ኮዱ ትክክል መሆኑን በሒሳብ ለማረጋገጥ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ቀለል ያሉ የድርደራ ዘዴዎችን አረጋግጠው ነበር፤ አሁን ከበድ ያለ፣ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ነገር ፈለጉ። ቲምሶርት ሁለቱንም ያሟላል፤ ጠመዝማዛ ነው፣ በየቦታውም አለ። ደግሞም ዓመታት የተፈተነ ኮድ ነው፤ ትክክል መሆኑን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

መሣሪያቸው ኬይ ይባላል። ጀርመን ካርልስሩኸ ውስጥ በ1998 የተጀመረ፣ የጃቫ ፕሮግራሞችን በሒሳብ የሚያረጋግጥ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩን ለመረዳት ከተራ ሙከራ ጋር ማነጻጸሩ ይረዳል። ሙከራ የሚያደርግ ሰው ለፕሮግራሙ 7፣ 3፣ 9 ይሰጠዋል፤ 3፣ 7፣ 9 ብሎ ከመለሰለት ደስ ይለዋል። ኬይ ቁጥር አይሰጥም። «ሀ፣ ለ፣ መ ማናቸውም ቁጥሮች ይሁኑ» ይልና ኮዱን መስመር በመስመር በፊደል ያስኬደዋል። ኮዱ «ሀ ከለ ቢያንስ» የሚል መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ኬይ አንዱን አይመርጥም፤ በሁለቱም ይሄዳል። በአንደኛው መንገድ ሀ ከለ ማነሱን እንደ እውነት ይዞ ይቀጥላል፣ በሌላኛው ተቃራኒውን። መንገዶቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ ውሉ ተፈጽሟል ወይ?

ውል ያልኩት አውቄ ነው። አረጋጋጮቹ ከእያንዳንዱ የኮድ ክፍል ጋር ውል ይገባሉ፤ ጄኤምኤል በተባለ ለዚሁ በተሠራ ቋንቋ ይጽፉታል። ውሉ «ስትገባ ይህ እውነት ከሆነልህ፣ ስትወጣ ያ እውነት እንዲሆን ታደርጋለህ» የሚል ነው። ቲምሶርት ውስጥ ሕጉን የሚያስከብረው ቁራጭ ውል ግልጽ ነበር። ሲገባ ከአዲሱ ቁጥር በስተቀር መዝገቡ በሙሉ ሕጉን ያከብራል፤ ሲወጣ መዝገቡ ያለ ምንም ልዩነት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሕጉን ያከብራል። ፒተርስም ብሎክም በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው የመዝገቡን ልክ ያሰሉት። ኬይ የተጠየቀው ሁሉም የሚያምነውን ነገር እንዲያጸድቅ ነበር።

አላጸደቀም።

ማረጋገጫ መሐል መንገድ ላይ ሲቆም ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው አረጋጋጩ ላይ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች እጅ የሚፈልጉ ናቸው፤ ለሰው ግልጽ የሆነው ለእነሱ አይገለጽላቸውም፤ አንዲት ትንሽ እውነታ ስላልተነገራቸው ብቻ ሊገተሩ ይችላሉ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ውሉን በደንብ አልጻፍንም» ወይም «አንድ ፍንጭ ጎድሏል» ነው። ግን የቆመ ማረጋገጫ ዝም ብሎ አይቆምም። ሳይዘጋ የቀረውን መንገድ እስከ ነጥቡ ድረስ ይዞላችሁ ይቀመጣል፤ እዚህ ደርሻለሁ፣ ይህን ይህን አውቃለሁ፣ ያችን ግን ላገኛት አልቻልኩም ይላል።

ኬይ ያላገኛት ነገር በመዝገቡ አራተኛ ቦታ ላይ ነበረች። ኮዱ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሲወጣ ስለ ሦስቱ የቀኝ ቁጥሮች የሚታወቅ ነገር አለ፤ አሁን አይቷቸዋልና። ከቀኝ አራተኛው ቁጥር በስተቀኙ ካሉት ሁለቱ ድምር ይበልጣል የሚለው ግን ከምንም አልመጣ አለ። ቀድሞ ይበልጥ ነበር፤ ያ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከጎኑ ያለው ነገር በማዋሃድ ተለውጧል። እሱ ራሱ አልተነካም፤ ጎረቤቶቹ ግን ተነክተዋል።

ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር በእውነት አይደርስ ይሆን? ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ምሳሌ አምስት ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሳስ ያነሣ ሁሉ ሊከተለው ይችላል። መዝገቡ ላይ 120፣ 80፣ 25፣ 20 ተጽፏል። ሕጉ ተከብሯል፤ 120 ከ105 ይበልጣል፣ 80 ከ45 ይበልጣል፣ 25 ከ20 ይበልጣል። አሁን ርዝመቱ 30 የሆነ አዲስ ተርታ መጣ። ኮዱ ሦስቱን ያያል፦ 25፣ 20፣ 30። 25 ከ50 አይበልጥም፤ ሕጉ ተጥሷል። ከ25 እና ከ30 ትንሹ 25 ስለሆነ 20 ከ25 ጋር ይዋሃድና 45 ይሆናል። መዝገቡ 120፣ 80፣ 45፣ 30 ሆነ። ኮዱ እንደገና ሦስቱን ያያል፦ 80፣ 45፣ 30። 80 ከ75 ይበልጣል። 45 ከ30 ይበልጣል። ሁሉ ሰላም ነው፣ ጨርሻለሁ ይላል።

120 ግን ከ80 እና ከ45 ድምር መብለጥ ነበረበት። ድምሩ 125 ነው።

አምስት ቁጥር! ከ2002 ጀምሮ የነበረ ኮድ፣ አምስት ቁጥር ጠርዝ ላይ ጽፎ መደመር የሚችል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሊያፈርሰው ይችል የነበረ እምነት። ማንም ያላደረገው እነዚህን አምስት ቁጥሮች መምረጥ እንዳለበት የሚነግረው ስላልነበረ ነው። ማሽኑም ቁጥሮቹን አልነገራቸውም፤ የነገራቸው የቱ ቦታ እንዲያዩ ነው።

ሕጉ መጣሱ ብቻውን ፕሮግራሙን አይጥለውም። አንድ ቦታ ላይ ከ125 የሚበልጥ ቁጥር መኖር ሲገባው 120 መቀመጡ መዝገቡን ከልኩ አያስወጣውም። ለመጣል ጥሰቱ ደጋግሞ፣ በተጠና ቅደም ተከተል መድረስ አለበት፤ ቁጥሮቹ ወደ ግራ ሲሄዱ ከሚጠበቀው ቀስ ብለው እንዲያድጉ፣ መዝገቡ ውስጥ ከታሰበው በላይ ብዙ ተርታዎች እንዲጨናነቁ ማድረግ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ወደ ኋላ እየሠሩ እንዲህ ያለውን ክፉ ዝርዝር የሚፈጥር ፕሮግራም ጻፉ። ውጤቱ፦ 67,108,864 ነገሮች ያሉት ዝርዝር ለጃቫ ሲሰጠው አርባው መስመር ሞልቶ ፕሮግራሙ ይወድቃል። አንድሮይድ ላይ 65,536 በቂ ነበር። የፓይተኑ መዝገብ 85 መስመር ስላለው የሚጥለው ዝርዝር 2 በ49 ከፍታ፣ 562 ትሪሊዮን ገደማ ነገር መያዝ አለበት፤ ለእያንዳንዱ 8 ባይት ብቻ ቢያዝ እንኳ አራት ፔታባይት ተኩል ሚሞሪ ይፈልጋል። የፓይተን ተጠቃሚ እንቅልፉን በሰላም ሊተኛ ይችል ነበር።

በጃቫና በአንድሮይድ መሐል ያለው ልዩነት የራሱ ታሪክ አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝም እሱ ነው። ለመሐከለኛ ዝርዝሮች የመዝገቡ ልክ መጀመሪያ 19 መስመር ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ሰው ፕሮግራሙ እንደወደቀ ሪፖርት አድርጎ ነበር። የጃቫ ሰዎች ጉዳዩን አዩና 19ኙን 24 አደረጉት። መውደቁ ቆመ፤ ፋይሉም ተዘጋ፤ አንድሮይድ ግን 19ኙን ይዞ ቀረ። የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ ያስቀመጠ ሰው ዝናቡን አልካደም፤ ውኃው ከየት እንደሚገባ ግን አልጠየቀም። ስህተቱ እጃቸው ላይ ነበር፤ ምክንያቱ እስከሚያዝ ዓመታት ፈጀ።

ሙከራ ለምን አላገኘውም ለሚል አንድ ስሌት ይበቃዋል። 20 ነገሮች ብቻ በ2,432,902,008,176,640,000 የተለያየ ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ። የ67 ሚሊዮኑን ቁጥር ለመጻፍ ይህ መጽሔት ገጽ አይበቃውም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ፕሮግራሙን የሚጥሉት ጥቂት ሆነው፣ በተጠና ተንኮል የተደረደሩ ናቸው፤ በዘፈቀደ የሚሞክር ሰው አይደርስባቸውም። ግን እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር በአጋጣሚ የማይመጣ ከሆነ ማንን ሊጎዳ? በአጋጣሚ አይመጣም፤ የሰውን ሰርቨር ለመጣል የፈለገ ሰው ግን ሆን ብሎ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለማንኛውም እነዚህ ቁጥሮች የታወቁት ስህተቱ ከተገኘ በኋላ ነው። ከመገኘቱ በፊት በ67 ሚሊዮን ይውደቅ በ67 የሚያውቅ አልነበረም።

መድኃኒቱ አንድ ሐረግ ነው፦ ሦስት አይተህ አታቁም፣ አራተኛውንም እይ። ከላይ ባየነው ምሳሌ ኮዱ 120፣ 80፣ 45፣ 30 ላይ ሲደርስ 120ን ከ125 ጋር ያስተያያል፤ ማዋሃዱን ይቀጥላል፤ 45 እና 30 ሲጨመሩ 75፣ ከዚያ 80 እና 75 ሲጨመሩ 155፣ ከዚያ ሁሉም ተጠቃሎ 275። ተመራማሪዎቹ የተስተካከለውን ኮድ እንደገና ለኬይ ሰጡት። በዚህ ጊዜ ማረጋገጫው ተዘጋ። ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ትንንሽ የማስረጃ እርምጃዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹን ማሽኑ ራሱ ሠራቸው፤ ጥቂት ሺዎቹን ሰው እየመራ። የተረጋገጠው ሕጉ እንደማይጣስና በዚህ ምክንያት መዝገቡ እንደማይሞላ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲነበብ የተረጋገጠውን ከተመኘነው መለየት ይገባል።

ለዚህ ደግሞ ከጆሽዋ ብሎክ የተሻለ ምስክር የለም። ቲምሶርትን ወደ ጃቫ ያመጣው ብሎክ በ2006 ስለራሱ ሌላ ኮድ በግልጽ ጽፎ ነበር። የተደረደረ ዝርዝር ውስጥ መሐሉን እያዩ የሚፈልጉበት፣ ባይነሪ ሰርች የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። መሐሉን ለማግኘት የግራውንና የቀኙን ቦታ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ጆን ቤንትሊ የተባለ እውቅ ጸሐፊ የዚህን ዘዴ ትክክለኛነት በሒሳብ አሳይቶ መጽሐፍ ላይ አትሞታል። ብሎክ የጃቫውን የጻፈው በዚያ መንገድ ነው። ዝርዝሩ በጣም ሲረዝም ግን ድምሩ ከ2,147,483,647 ያልፍና ኮምፒውተሩ ውስጥ ዞሮ አሉታዊ ቁጥር ይሆናል። በወረቀት ላይ የተሠራው ማረጋገጫ ስለ ሒሳብ ቁጥሮች ነበር፤ እነዚያ መጨረሻ የላቸውም። የኮምፒውተሩ ቁጥሮች ግን መጨረሻ አላቸው። ኬይን የመሰሉ መሣሪያዎች ከወረቀት የሚለዩት እንዲህ ያለውን የቋንቋውን ጓዳ ሁሉ ቆጥረው ስለሚይዙ ነው፤ ለዚህም ነው የሚያታክቱት። የአምስተርዳሙ ቡድንና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ሥራ ሊንክድሊስት በተባለው የጃቫ የዝርዝር ማስቀመጫ ኮድ ውስጥ የዚሁ ዘመድ የሆነ፣ የቆጣሪ ሞልቶ መፍሰስ ስህተት አግኝተዋል።

ወደ ቲምሶርት እንመለስ። ተመራማሪዎቹ በ2015 መጀመሪያ ግኝታቸውን ለጃቫም ለፓይተንም ቤት አሳወቁ። ፓይተን፣ ስህተቱ በተግባር የማይነካው ፓይተን፣ አራተኛውን ቁጥር የሚያየውን መስመር ወዲያው ጨመረ። ጃቫ፣ ስህተቱ እውነተኛ የሆነበት ጃቫ፣ ሕጉን ሳይነካ የመዝገቡን ልክ ከ40 ወደ 49 አሳደገ። ሌላ ባልዲ፣ ተለቅ ያለ።

ፍትሐዊ ለመሆን ባልዲው በግምት አልተመረጠም። ተመራማሪዎቹ ሕጉ ቢጣስም እንኳ መዝገቡ በጣም ቢበዛ ስንት መስመር ሊያስፈልገው እንደሚችል በጽሑፋቸው ተንትነዋል። በሥራ ላይ ያለ፣ ብዙ ሰው የተደገፈበትን የኮድ ክፍል ከመንካት ቁጥር መቀየር ይቀላል፤ አዲስ ስህተት የመፍጠር ዕድሉም ያንሳል። ኃላፊነት ያለበት ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ምናልባት 49 ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። ፈረንሳይ ውስጥ ኒኮላ ኦዤ፣ ቫንሳን ዡጌ፣ ሲሪል ኒኮና ካሪን ፒቮቶ የተባሉ ተመራማሪዎች ቲምሶርት ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ በጥንቃቄ ለማስላት ተቀመጡ። ጥያቄያቸው ፍጥነት ነው፤ መውደቅ አይደለም። ግን ፍጥነቱን ለማስላት መዝገቡ እንዴት እንደሚያድግ በትክክል ማወቅ ግድ ይላል፤ ስለዚህ የ2015ቱን ትንታኔ ሐረግ በሐረግ ሄዱበት። እዚያ ውስጥ ሕጉ በሁለት ተከታታይ ቦታዎች ላይ ሊጣስ አይችልም የሚል አባባል አለ። የ49ኙ ስሌት የቆመው በሱ ላይ ነው።

አባባሉ ስህተት ነበር። ሁለት ተከታታይ ቦታዎች ላይ ሊጣስ ይችላል። ልብ በሉ፣ በኬይ ያለፈው የተስተካከለው ኮድ ነው፤ ይህ አባባል ግን የተነገረው ስላልተስተካከለው ነበር። በሁለት ሚሊዮን እርምጃ የተሠራው ማረጋገጫ ምንም አልሆነም። የወደቀው ከጎኑ የተቀመጠው አባባል ነው፤ ጃቫ ደግሞ ከሁለቱ መፍትሔዎች የመረጠው በዚያ አባባል ላይ የቆመውን ነበር።

ፈረንሳዮቹ 49 መስመሩን የሚሞላ ዝርዝር ሠርተው አሳዩ፤ ለጃቫ ሰዎችም አመለከቱ። በ2018 በወጣው ጃቫ 11 ላይ ፓይተን ከሦስት ዓመት በፊት የተቀበለው ሐረግ ገባ። ፓይተን በበኩሉ በ2022 የወጣውን ዝርያ ሲያዘጋጅ ያንን ሕግ ራሱን ተወና ፓወርሶርት ወደሚባል ሌላ የማዋሃጃ ስልት ዞረ። ዛሬ የጃቫን ኮድ ከፍቶ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም አሉ። የመዝገቡ ልክ በሚቆረጥበት ቦታ 49 እንደተጻፈ ነው፤ ከሱ ወረድ ብሎ ደግሞ አራተኛውን ቁጥር የሚያየው መስመር አለ።